ኩርባው ላይ የማነሳው ፎቶ

ገሜ፣ የእኔ ጌታ፣

ያለ አንተ ሁለተኛው ክረምት ገባ። መቱ እንደምታውቃት ናት፤ ጠዋት ጉም፣ ቀን ዝናብ፣ ማታ ጭቃ። አልጋችን ላይ ያፈስ የነበረውን ጣራ ወንድምህ በአዲስ ቆርቆሮ ቀየረልኝ። ልጅህ የፊት ጥርሷን ነቀለች፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ትመስላለች። እናትህ ደህና ናቸው፣ ግን ተኳርፈናል።

ቶሎሳን ይቅር አሉት። አዎ፣ ያንን ሹፌር፤ እሳቸው ጋ ልትገባ ኩርባው ላይ ከመኪና ወርደህ መንገዱን ስትሻገር የገጨህን። ጥቂት ታስሮ ተፈታ። «ጉም ነበር፣ አላየሁትም» አለ፣ በቃ። እኔ ያን ቀን ታምሜ ቤት ቀርቼ ነበር፣ ምን ብዬ ልከራከር? ከዚያ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሳር ይዘው ደጃችን ቆሙ። እዚህ አገር ሳር ይዞ የለመነን ሰው መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። እናትህ እያለቀሱ ተቀበሉ። ለእኔም ዘረጉልኝ፤ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። «ልጄ፣ አራራ ይሻላል፣ እርቅ ይሻላል» አሉኝ ትልቁ። ለእናንተ ይሻላል አልኳቸው። ሰው ሁሉ ደነገጠ።

ቶሎሳ አሁንም ከመቱ ኡካ ይሠራል። እኔም ኡካ ቢሮዬ ስሄድ የምሳፈረው በእሱ ሚኒባስ ነው፤ ሌላ ቢመጣ አሳልፋለሁ። ጋቢና፣ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ኩርባው ጋ ስንደርስ ስልኬን አውጥቼ መንገዱን ፎቶ አነሳለሁ፣ በየቀኑ። መዋሸቱን በገዛ ዓይኑ እንዲያይ ነው የምፈልገው። እሱም ገብቶታል፤ የአንገቱ ሥር ይገታተራል። ደስ ይለኛል ገሜ። አልዋሽህም፣ ደስ ይለኛል።

ድሮ አብረን ስንሄድ «የሰማይ ፎቶ አጠራቅመሽ ገበያ ልታወጪው ነው?» እያልክ ትስቅብኝ ነበር፤ የመስኮቱን ወንበር ግን ሁልጊዜ ለእኔ ትለቅልኝ ነበር። አሁን ብታያቸው። ሰኔ ላይ ጉሙ ከጫካው ሥር ይነሳና መንገዱን ሳይሸፍን ያልፋል። ሐምሌ ላይ ብርሃኑ አመድ የገባበት ውሃ ይመስላል፤ ቢሆንም የእናትህ አጥር ይታያል። ዝናቡ አባርቶ ባደረ ጠዋት ፀሐይ በዛፎቹ መሃል ትገባና እርጥቡ መንገድ ያበራል፣ አህያ እንኳ ከሩቅ ትለያለች። ስልኩን ወደ ቶሎሳ አዞርና ዛሬስ ይታያል? እለዋለሁ። «ይታያል እትዬ» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አንድም ቀን ውረጂልኝ ብሎኝ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ግን በዚህ ክረምት ያላየሁት ጉም ወረደ። ኩርባው ጋ ሳንደርስ መኪናውን አቆመ። መብራቱን እንዳበራ ወረደና፣ ተሳፋሪው እያጉረመረመ፣ መንገዱ ላይ ሰው እንዳለ ሊያይ በእግሩ ወደ ፊት ሄደ። ስልኬን ደግኜ ጠበቅኩት። ጥቂት እንደተራመደ ጠፋ። ቀይ ሹራብ ለብሷል፣ መብራቱ በርቷል፣ እኔም ዓይኔን አፍጥጬ እየፈለግኩት ነው፤ አልታየኝም። ፎቶው ላይ ያለው ነጭ ብቻ ነው።

ተመልሶ ገባና እንደ ልማዴ እንዳሳየው ጠበቀ። አላሳየሁትም። ኡካ ሳንደርስ ፎቶውን አጠፋሁት።

አንተ ብትሆን ይቅር ትለው ነበር፣ አውቅሃለሁ። እኔ አንተን አይደለሁም። እናትህ ሳሩን ከተቀበሉ ወዲህ መንደሩ ስምህን ማንሳት ትቷል፣ ነገሩ አልቋል ይላሉ። አላለቀም። እስካለሁ አልረሳህም፤ እሱም እንዲረሳህ አልፈቅድለትም። ነገ ጠዋት ጋቢና ነኝ። ጉም ከሆነ ግን ስልኬን አላወጣም።