ይታይልኝ ያልኩበት ቀን

ማቴዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ለመጻፍ የዘገየሁት ረስቼህ አይደለም። የምነግርህ አንድ ነገር ነበረኝ፤ እሱን ሳልጽፍ ሌላውን መጻፍ አቃተኝ። ዛሬ ሁሉንም እጽፋለሁ። መጀመሪያ ግን የቤቱን ወሬ ልንገርህ።

ምሕረት አራተኛ ክፍል ገብታለች። ሒሳብ ላይ ቁርጥ አንተን ነች፤ ትሠራዋለች፣ እንዴት እንደሠራችው ስትጠየቅ ግን ትቆጣለች። እኔ አሁንም ሐይቅ ዳር እዚያው ሆቴል ነኝ፤ ከእንግዳ መቀበያ ወደ ዕቃ ክፍል አዛወሩኝ። ደጃፉ ላይ የተከልከው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ፤ ግማሹን ጎረቤት፣ ግማሹን ወፍ በላው። እናትህ ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸው ግን እምቢ ብሏል። ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን ሐኪም ቤት እየመጡ እንዲታሹና እንቅስቃሴ እንዲሠሩ አዟቸዋል። ከቱላ በባጃጅ መምጣት ለእሳቸው ፈተና ነው። ባለፈው ለመሳፈር ሦስት ሰው ደገፋቸው፤ ሲወርዱ እጄን ይዘው ከንፈራቸውን ነከሱ። ለእኔ ብለው ዋጡት እንጂ የሚያስጮህ ሕመም ነበር።

ስለዚህ መኪና ልገዛ ወሰንኩ። አዎ፣ እኔው ነኝ። ሁለተኛ መኪና ደጄ አይቆምም ብዬ ለቅሶህ ላይ የዛትኩት እኔ። አንተ ጎትጉተህ ያስወጣኸኝን መንጃ ፈቃድ አሳደስኩና ፍለጋ ጀመርኩ። ደላሎቹን ብትሰማቸው ትስቅ ነበር። አንዱ መኪና «ሴት የያዘችው» ነው፣ ሌላውም «ሴት የያዘችው» ነው። ይቺ ሴት ስንት መኪና ነው የያዘችው ብዬ ብጠይቀው አንዱ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ኋላ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ ጋሽ ዮናስ መኪናቸውን ሊሸጡ እንደሆነ ነገሩኝ። ቀብርህ ላይ የጸለዩት ሽማግሌ ናቸው። ቦሎው ታድሷል፣ ቀለሙ አልተነካም አሉኝ፤ ከዚያም «በእምነት ውሰጂው» አሉ።

የእኛን መኪና ስንገዛም የሰማነው ይህንኑ ነበር። ሻጩ የቤት ኅብረታችን ወንድም፣ ምሕረት ስትወለድ መጥቶ ገንፎ የበላ ሰው ነው። ግቢው ጠርቶ ዛፍ ሥር ምሳ አበላን፤ መኪናውም እዚያው ቆሟል። የሰው ምሳ በልቶ የሰውን መኪና መፈተሽ ለአንተ ነውር ነበር። መካኒክ ላምጣ ማለት ውሸታም ነህ እንደማለት ሆኖ ታየህ። ኮፈኑን ለወጉ ከፈትክ፣ ለወጉ ጎንበስ ብለህ አየህና ዘጋኸው።

እኔ ግን አይቻለሁ፣ ማቴዬ። እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ ይህ ነው። በስተግራ ያለው የኋላ ጎማ በውስጥ በኩል ርሶ ነበር፤ መሬቱ ላይም ጠብታ አለ፣ ውሃ የማይመስል። ልነግርህ ዞር ስል የሰውዬው ሚስት ጉርሻ ይዛ መጣች። አፌን ሞላችው። ውጬ ስጨርስ ደግሞ አፈርኩ። ቁልፉን ተቀበልክ፣ ጸለይን፣ ወጣን። በአምስተኛው ሳምንት ከይርጋለም ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለህ። ሰውዬው አውቆ ነው አልልም፤ እሱም ሳያየው ገዝቶት ይሆናል። ለቀስተኛው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው ሲል አሜን አልኩ። በውስጤ ግን ይሉኝታህ ገደለህ እያልኩ ስቆጣህ ኖርኩ። የራሴን ይሉኝታ ለማንም አልተናገርኩም።

እናም ጋሽ ዮናስን ጋራዥ ገብቶ ይታይልኝ አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «እኔን አታምኚኝም?» አሉኝ፤ ሰው በአጠገባችን እያለፈ ሰላም ይለናል። እርስዎን አምናለሁ፣ ፍሬኑን ግን አላውቀውም አልኳቸው። ቅር እያላቸውም ቢሆን መጡ።

መኪናው ጋራዥ አደረ፤ መካኒኩ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ነው የማየው ብሎ ነበር። የሞቀ ሞተር ጉዱን ይደብቃል ይላል። አስነስቶ ጭሱን አየ። ዘይቱን በጣቱ ፈትጎ አሸተተ። ሻንሲው ተበይዶ እንደሆነ፣ ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ እንደሆነ አየ። ሁሉ ደህና። የጋሽ ዮናስ ፊት ፈካ፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ መኪናው ሥር ወዳለው መፈተሻ ጉድጓድ ወርዶ ጠራን። የፍሬኑ ቱቦ በዝገት ተበልቶ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። ነካ ሲያደርገው አንጠባጠበ።

ጋሽ ዮናስ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። በዋዜማው እሑድ የልጅ ልጆቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ያመጡበት መኪና ነው። ለሚስታቸው ደወሉና ገና ሳታነሳ ዘጉት። ሁሉም ቱቦ ይቀየር አሉ። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም፤ ሲወጡ ግን ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

ቱቦውም የፍሬን ሸራውም ተቀይሮ፣ ሌላ መካኒክ ደግሞ አይቶት ገዛሁት። አንተ ብትኖር አበዛሽው ትለኝ ነበር። አዎ፣ አብዝቻለሁ። ሳምንት ሙሉ ብቻዬን ነዳሁት፤ በጥቁር ውሃ መንገድ ላይ ፍሬን ልሞክር እያልኩ በየመቶ ሜትሩ ስቆም ከኋላዬ ያለው ሹፌር ያላለኝ የለም።

ትናንት እናትህን ላመጣ ቱላ ሄድኩ። ከጎኔ ከተቀመጡ በኋላ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ ያን ቀን ያየሁትንና ዝም ያልኩትን ነገርኳቸው። ከእኔ ጋር መሄድ ካልፈለጉ ይውረዱ አልኳቸው። ለራሳቸው በሲዳምኛ አንድ ነገር አሉ፣ አልሰማሁትም። ከዚያ «ይህን ቀበቶ እሰሪልኝ» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ሳትኩት፤ በሦስተኛው እጄን ደግፈው አብረን አስገባነው።

ማቴዬ፣ ደግነትህንና ሳቅህን ሰው ሁሉ ያስታውስልሃል። እኔ ያንን ምሳም ከነዝምታዬ አስታውሰዋለሁ። ምሕረት ስታድግ እነግራታለሁ፤ አባቷ ሰው ላለማስቀየም ብሎ እንደሞተ፣ እናቷም አይታ ዝም እንዳለች። በደግነትህም በዚያ ምሳም አልረሳህም። ይቅር በለኝ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ።

ባለቤትህ አስቴር