አስቴር ያልናት ልጅ በቴሌቪዥን ቀረበች

ታዴዬ፣ የልቤ ሰው፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። መቃብርህ አጠገብ ቆሜ ብዙ ጊዜ አውርቼሃለሁ፤ ስጽፍልህ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። የሰሞኑ ነገር ቆሞ የሚወራ ስላልሆነብኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ጽሕፈቴ ቢወላገድ እንዳትስቅብኝ፤ የአስተማሪ ሚስት ሆነሽ እያልክ ማብሸቅ ትወድ ነበርና።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ጡረታ ወጣሁ። ሰፈሩ ግን አሁንም ሲስተር ነው የሚለኝ፤ ሕፃን ባተኮሰው ቁጥር የሚንኳኳው የእኔው በር ነው። ጣሪያውን አስቀየርኩት፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ መደርደር ቀረልን። ሰፈራችንን ኒውላንድን ዛሬ ብታየው አታውቀውም፤ በራችን ድረስ ኮብልስቶን ተነጥፎ ባጃጅ ይገባል። ልጃችን መሳይ ዲማ ከተማ ሄዶ መድኃኒት ቤት ከፍቷል፤ ደንበኞቹ ወርቅ ቆፋሪዎች ናቸው። ወፍሯል፣ ሲስቅ ቁርጥ አንተን ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱን በስምህ ሰይሞልሃል። የምረቃው ቀን ሪባን ያስቆረጡኝ እኔን ነው፤ በኩራት ቁመቴ የጨመረ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት የክልሉ የምርጫ ክርክር በቴሌቪዥን ይተላለፋል ተባለ። እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ። ጀማል ሱቁ ላይ ሶላር ስለተከለ ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ተሰበሰበ፤ ጀማልን መቼም አትረሳውም፣ ሒሳብ አልገባው እያለ ያስመረረህ ተማሪህ ነው። ዛሬ ባለ ሱቅ ሆኖ ካልኩሌተር አይነካም። ከፊት ወንበር ሰጠኝ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳም ከፈተልኝ፤ እኔም እንደ ዳኛ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

አራት ተወዳዳሪዎች ተደርድረዋል። አንዱ በዚህ ሙቀት ቀይ ከረባት አስሮ መጥቷል፤ ላቡ ጆሮ ግንዱ ላይ ሲወርድ ሳይ ነርስነቴ መጣብኝና ውሃ ስጡት ብዬ ጮህኩ። ሰዉ ሳቀብኝ። ድልድይ እሠራለሁ አለ። ጀማል ያለፈውስ ድልድይ የት ደረሰ ብሎ ስክሪኑን ጠየቀው። ሁለተኛው ሰዓቱ አልቆ ደወል ሲደወልበት ገና ሰላምታውን አልጨረሰም ነበር። ሦስተኛው ከወረቀት ያነባል፤ ገጽ ዘለለ መሰለኝ፣ ስለ ከብት ጀምሮ ስለ ኢንተርኔት ጨረሰ።

አራተኛዋ ሴት ናት። ረጅም፣ ድምፅዋ ረጋ ያለ፣ ኛማል የምትባል። ባሮ አጠገባችን እየፈሰሰ ውሃ በጄሪካን እንገዛለን አለች። እሰይ! አልኩ። ጤና ጣቢያ ላይ እናቶች በእጅ ባትሪ ብርሃን ይወልዳሉ ስትል ደግሞ አጨበጨብኩ፤ ያንን ባትሪ ስንቴ በጥርሴ ነክሼ አዋልጃለሁ! ድምፄን ለእሷ ነው የምሰጠው ብዬ እዚያው ወሰንኩ። ማን እንደሆነች አላወቅኩም ነበር ታዴ። እግዚአብሔር ያውቃል አላወቅኩም።

በዚህ መሀል ባለ ከረባቱ ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ። ይቺ ሴት ለእናንተ ኛማል ነኝ ትላለች፤ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ ግን አስቴር ይላል፤ ማን ናት? አለ። አቤቱታ አስገብቻለሁ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን እስከ ዓርብ በማስረጃ ካላሳየች ከዕጩነት ትሰረዛለች አለ። በስመ አብ! ሱቁ በአንድ አፍ ተንጫጫ። እኔ ራሴ፣ አልዋሽህም፣ አጭበርባሪ ናት እንዴ ብያለሁ።

እሷ አልተቆጣችም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር አለች። ከማታር በጀልባ መጥቼ ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን መምህሩ ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። በማግስቱ ከዛሬ ጀምሮ አስቴር ነሽ አለኝ። አማርኛ አልሰማም ነበርና አስቴር ተብሎ ሲጠራ ሌላ ልጅ መስሎኝ ዝም እል ነበር። ስለማልመልስ ቀሪ ተብዬ ተመዘገብኩ። እዚያው ክፍል፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለት ሳምንት ቀሪ ነበርኩ፤ ቀርተሻል ተብዬም ተንበረከኩ። የትምህርት ቤቱን የድሮ መዝገብ ጎርፍ ስለወሰደው ዛሬ ማስረጃ የለኝም አለች።

አወያዩ መምህሩ ማን ነበር ብሎ ጠየቃት። አርፏል፣ ስሙን አላነሳም፣ ባለቤቱ እዚሁ ከተማ ስላሉ እሳቸውን አላሳዝንም አለች።

ክው አልኩ። ለስላሳውን መሬት አስቀመጥኩት። ጀማል ዞር ብሎ አየኝና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰው። አብሯት የተማረ ነውና ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ነበር።

ያንን ምሳ ሰዓት ታስታውሳለህ? እንዴት ትረሳዋለህ። ከተጋባን አምስተኛ ዓመታችን ነበር፣ ልጅ አልመጣልንም። አንተ ደብተር ይዘህ መጣህና አርባ አንድ ልጅ አለብኝ፣ ስማቸው ምላሴ ላይ አልዞር አለኝ፣ ደግሞም አዲስ አበባ ሄደው ቢማሩ በዚህ ስም ይሳቅባቸዋል አልክ። ስም እናውጣላቸው ተባባልን። አንተ ታነባለህ፣ እኔ ወጡን እያማሰልኩ ዳንኤል፣ ሮማን፣ ፍቅሩ እላለሁ። እንዴት ሳቅን! የራሳችንን ልጆች የምንሰይም ነበር የሚመስለው። አንዷ ቀጭን ናት፣ ዓይኗ ፈጣን ነው፣ ጎበዝ ትሆናለች ስትለኝ እጄ ቆመ። አስቴር በላት አልኩህ። ሴት ልጅ ብወልድ ብዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስቀመጥኩት ስም ነበር፤ አንተም ታውቃለህ፣ እርግጠኛ ነሽ ብለህ ጠይቀኸኛል። ከአንገቴ ሐብል ፈትቼ ያጠለቅኩላት ያህል ነበር የተሰማኝ። ለካ ልጅቷ ተንበርክካበት ኖሯል።

ኛማል የሰላም ልጅ ማለት ነው ብሎ ጀማል ነገረኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጤና ጣቢያ በር ላይ ለኑዌር እናቶች በቋንቋቸው ማሌ፣ ሰላም፣ እያልኩ ሰላምታ ሰጥቻለሁ፤ ቃሉ በየቀኑ አፌ ላይ ነበር። አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ምን ማለት ነው የኔ ልጅ ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብድ ነበር? ተናድጄብሃለሁ ታዴ። በራሴም ተናድጃለሁ፤ አንተን ግን ቀድሜ ነው የተናደድኩብህ፣ እኔ ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም፣ አንተ ፊቷን ታይ ነበር።

ቤት ገብቼ ካረፍክ ወዲህ ያልነካሁትን ሳንዱቅ ከፈትኩ። የዚያ ምሳ ሰዓት ደብተር ሻግቷል፤ ምስጥ ግን አላገኘውም። በግራ በኩል ልጆቹ የነገሩህ ስም፣ በቀኝ በኩል እኔ ያወጣሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ አገኘኋት። ኛማል ከነአባቷ ስም፣ በዚያ በምታምር ጽሕፈትህ፣ አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ። ከሁሉም የደነገጥኩት እዚህ ላይ ነው። እንዲህ አሳምረህ መጻፍ ከቻልክ መጥራት እንዴት አቃተህ?

ለመሳይ ደውዬ ብነግረው ጮኸብኝ። እማዬ አብደሻል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ላይ የተጻፈው የአባቴ ስም ነው፣ ነገ አፍርሰው ይጥሉታል፣ ደብተሩን መልሰሽ ቆልፊበት አለኝ። ልጅህ ነው፣ ለክብርህ ነው የተሟገተው። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ደብተሩን ይዤ ዝም ብል ያቺ ሴት ትሰረዛለች፤ ባወጣው ደግሞ አንተን ከሞትክ በኋላ አደባባይ አቆምኩህ ማለት ነው። ፎቶህን ስንቴ አየሁት መሰለህ። አንተ እንደሆንክ በፎቶም ፈገግ እንዳልክ ነህ፣ ምንም አትረዳም።

ረቡዕ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ጀማል በጠራልኝ ባጃጅ ወደ ምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ኛማል ከሰዎቿ ጋር በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ስታየኝ ከተደገፈችበት ግድግዳ ቀና አለች። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሁለቱን ስሞች በጣቱ እያስተያየ አነበበና ጽሕፈቱ የማን ነው አለኝ። ሙሉ ስምህን ከነአያትህ ተናገርኩ፣ ታዴ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ጽሕፈቱ የባለቤቴ ነው፣ ስሞቹን ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ፣ በዚያ ስም ስትጠራ ካልመለሰች ጥፋቱ የእሷ አልነበረም አልኩ። ፈረምኩ። አቤቱታው ውድቅ ሆነ። ቤተ መጻሕፍቱን ምን እንደሚያደርጉት ገና አላውቅም።

ስወጣ ኛማል ደጁ ድረስ ተከተለችኝ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለምን አስቴር? ነገርኳት። ለሴት ልጄ ያስቀመጥኩት እንደነበር፣ ሴት ልጅም እንዳልሰጠኝ ነገርኳት። ይቅርታም ለመንኳት፤ ቃሉ ትንሽ ሆነብኝ እንጂ ለመንኳት። ይቅር ብያለሁም፣ አላልኩምም አላለችኝም። ከዚያ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና፣ ሲስተር፣ የልጅዎን ስም ሠላሳ ዓመት ተሸክሜልዎታለሁ፣ አሁን ይውሰዱት አለችኝ።

ቤት ገብቼ ላልወለድናት ልጅ አለቀስኩ። ወንበርህ ላይ ተቀምጬ፣ ሰው የሞተበት ሰው እንደሚያለቅሰው።

እስካለሁ ድረስ አልረሳህም ታዴዬ። ሰው ስለ አንተ ደግ ሲያወራ ደግነትህን አብሬ አወራለሁ፤ እውነት ነው፣ ደግ ነበርክ። ስለዚያ ደብተር የሚጠይቀኝ ሲመጣም አልደብቅህም። ግን ጥፋቱ የሁለታችን ስለሆነ በእሱ ብቻህን አልተውህም።

ሚስትህ