ጎመን ተከለ ያሉት ንጉሥ

ስንዱዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኔ በንዴት ተቃጥያለሁ። በኮሮና ትምህርት ቤት ስለተዘጋ የማዳም ልጅ ሳሎን ሆና በታብሌት ትማራለች፤ እኔ አጠገቧ ልብስ እተኩሳለሁ። ዛሬ አስተማሪዋ ያንን ሰማዕታቱን የፈጀውን የሮም ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስን ስታሞግሰው ብትሰሚ! ግዛቱን ለአራት ከፍሎ ሮምን አዳናት፣ ዙፋኑን በፈቃዱ ትቶ ጎመን ተከለ አለች። እኛ ዘንድ ስንክሳር ሲነበብ ስሙ ሲነሳ ሴቱ ሁሉ ያማትባል! "የገዛ የጦር አለቃውን ፋሲለደስን ያስገደለውስ?" ብዬ ጮህኩ። አስተማሪዋ ሰምታ "እሱ ፈተና ላይ አይመጣም" አትለኝም! ማዳም ደግሞ "አንቺ ብሎ የታሪክ አስተማሪ!" ብላ ከሳሎን አስወጣችኝ። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እማማን ሳሚልኝ። መስከረም ዐሥራ አንድ ለፋሲለደስ ሻማ አብሪና ኩዌት ውስጥ አንዲት ሴት እንደተሟገተችለት ንገሪው።

አሰገደች፣ ከሚሽሪፍ፣ ኩዌት