የሃዝልደን ፋውል

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ! በባህር ዳርቻዋ በክሌቭሊ፣ ፊሸር ጎዳና፣ ቁጥር 14 ነዋሪ የሆኑት የአቶ ክሊፎርድ ኤንትዊስል የግራ እግር ነጠላ ጫማ ለአሥራ አንድ ዓመታት በቅንነት ካገለገለች በኋላ ዛሬ ማለዳ ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ በድንገት ተበጥሳ ከዚህ ዓለም ተለይታለች። የቀኝ እግር ጓደኛዋ በጥልቅ ሐዘን ላይ ትገኛለች። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ቆሻሻ በሚነሣበት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ይፈጸማል።

ይህንኑ መርዶ ለፖስተኛው ነገርኩት። ቆቡን አወለቀ... ጨዋ ልጅ ነው። «ልጅ ትታለች?» አለኝ። «አንድ ካልሲ። እሱም ቀዳዳ ነው» አልኩት። እስከ አጥሩ በር እየሳቀ ሄደ።

ከዚያ ጸጥታ። ባለቤቴ ዶሪን ከሞተች ሁለት ክረምት አለፈ። አሁንም ቀልድ ስናገር ወደ ወንበሯ እዞራለሁ። «ይህን ሃምሳ ጊዜ ሰምቼዋለሁ» የሚለኝ የለም።

ፖስተኛው ያመጣው ደብዳቤ ከስኑከር ውድድሩ ኮሚቴ ነው። የክሌቭሊ ዋንጫ ዘንድሮ ሃምሳ ዓመት ሞላው። መጨረሻውም ነው... አዳራሹ ፈርሶ መኖሪያ ቤት ሊሠራበት ነው። የመክፈቻውን ጨዋታ ለክብር እንድዳኝ ይጠይቁኛል፤ ነጭ ጓንቴን አድርጌ። ለመታሰቢያ መጽሔቱም ታሪኩን እንዳወራ። ምን ያህል ደስ አለኝ! ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ከዚያ የመጨረሻውን መስመር አነበብኩ። የክብር እንግዳ፦ ሌን ሃዝልደን።

ሻዬን ሳልጠጣ ደፋሁት።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

የመጽሔቱ አዘጋጅ መጣች። በርኒስ ትባላለች። ሠላሳ ቢሆናት ነው። የዝንጅብል ኬክ አቀረብኩላት። «ራስዎ ጋገሩት?» «አዎ፣ ከነወረቀቱ» አልኳት። ስትስቅ ጥርሷ ያምራል። ቤቱ ውስጥ ሰው ሲስቅ መስማት...

ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። 1975። አንድ ዳንስ ቤት ውስጥ። ወለሉ ወደ ባህሩ ዘመም ያለ ስለነበር በጠረጴዛው አንድ እግር ሥር የቢራ ብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶን እንጠቀጥቅ ነበር። በየጨዋታው መሀል አንድ እጨምራለሁ ወይ አንድ እቀንሳለሁ። ታላላቆቹ ተጫዋቾች የኳስ መምቻ ዘንጋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በአውቶቡስ ነበር የሚመጡት። ልብስ የሚቀይሩትም ከአንድ አስማተኛ ጋር፣ በአንድ ክፍል። በግማሽ ፍጻሜው የአስማተኛው ርግብ አምልጣ መጥታ ቢጫዋ ኳስ ላይ ቁጭ!

«ፋውል አሉ?» አለች በርኒስ።

«ርግብ አትቀጣም፣ ልጄ። ኳስ ያንቀሳቀሰው ተጫዋቹ ካልሆነ ቅጣት የለም። ርግብም ትሁን ዳኛ። ዳኛው ኳሷን ወደ ቦታዋ ይመልሳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ጠረግኳት፣ መለስኳት፣ ቀጠልን።»

እየጻፈች ቆየችና፣ «አሁን ደግሞ ሁሉም የሚጠብቀው! የሃዝልደን ፋውል» አለች።

ነገርኳት። እንደ ሁልጊዜው። ቆሜ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ የሌንን ቀጭን ድምፅ እያስመሰልኩ፦ «በእኔ እጅ አልነበረም!» ይህች ቃል በዚህ ከተማ ተረት ሆናለች። ጥብስ ቤት ሳህን ሲሰበር አንዱ ከወረፋው «በእኔ እጅ አልነበረም!» ይላል፣ ሁሉም ያሽካካል። ማን አስጀመራት? እኔ። ለአርባ ሰባት ዓመት ቢራ የሚጋብዙኝ ለእሷ ነው።

«ሚስተር ሃዝልደን ቅር አይላቸውም?» አለች ደብተሯን እየዘጋች።

«ኧረ ሌን ቀልድ ያውቃል!»

ያውቃል? ከዚያች ቀን ወዲህ አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ይህንን አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ነጠላ ጫማዋ ተቀበረች። ሕዝብ አልተገኘም።

እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ በትክክል ልጻፈው። ማን ያየዋል?

1978፣ ፍጻሜው። ሌንም ተጋጣሚውም ስምንት ስምንት ጨዋታ አሸንፈዋል። የመጨረሻው ጨዋታ። ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ሰማያዊ፣ ሮዝና ጥቁር፤ አምስት፣ ስድስትና ሰባት ነጥብ። ሌን በአንድ ነጥብ ይመራል። ጓደኛዬ ነበር... ዓርብ ዓርብ አሳና ድንች ከአንድ ወረቀት ላይ የምንበላ። ዳኛ ስሆን ግን ጓደኛ የለኝም እያልኩ እኮራ ነበር።

ሰማያዊዋ ሩቅ ነበረች። የዘንግ መደገፊያውን ጠየቀኝ፣ ያንን ጫፉ ላይ የናስ መስቀል ያለውን ረጅም እንጨት። ሰጠሁት። መታ፣ ሳተ። እንደ ደንቡ እንጨቱን መልሶ ለእኔ አቀበለኝ። ተቀበልኩ። እጄ ውስጥ ነው። በደንብ ጨብጬዋለሁ። ያን ዓመት ደግሞ ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ መጥቷል፤ ጢሜን አበጥሬያለሁ፤ ዓይኔ ካሜራው ላይ ነው። መስቀሉ ሮዟን ነካት። የሩዝ ፍሬ ታህል ተንቀሳቀሰች።

አዳራሹ ሁሉ የሚያየው ነጯን ኳስ ነበር። ሮዟ ስትነቃነቅ ያዩ ሁለት ሰዎች ብቻ፣ ሌንና እኔ።

ማለት የነበረብኝ «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ» ነው። ኳሷን መልሶ መቀጠል። እንደ ርግቧ። አፌ ግን ምን አለ? «ፋውል! ስድስት!»

ሌን ቀና አለ። «ክሊፍ... በእኔ እጅ አልነበረም።»

«ውሳኔው ተሰጥቷል» አልኩ። ድምፄ በቴሌቪዥን ያምር ነበር ይላሉ።

ስድስት ነጥብ ለተጋጣሚው። ሌን ሰማያዊዋንም ሮዟንም አስገባ፣ ጥቁሯን ተጋጣሚው። ሌን በአንድ ነጥብ ተሸነፈ።

ዋንጫው አይደለም ነገሩ። በእኛ ጨዋታ አንድ ሰው እጅጌው ኳስ ቢነካ፣ ዳኛ ባያይ፣ ዓለም ባያይ፣ ራሱ «ነክቻለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ሌን ከማንም ቀድሞ የሚናገር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጥፋቱን የካደ ሰው ተባለ። በየክበቡ ዘንግ ባነሣ ቁጥር ከኋላ «በእኔ እጅ አልነበረም!» ይሉታል። ሁለት ዓመት ታገሠ። ዘንጉን ሸጦ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ ባሮው ከተማ ሄደ። አውቶቡስ ነዳ አሉ።

ለዶሪን ብቻ ነግሬያት ነበር። ያቺን ቀልድ ባወራሁ ቁጥር ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

ዝናብ። ማንም አልደወለም። በስልክ የአየር ትንበያ የሚያነበውን ድምፅ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። አመሰገንኩት።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ለበርኒስ ደወልኩ። «ያቺን ታሪክ ከመጽሔቱ ብታስቀሪያትስ?»

«ሚስተር ኤንትዊስል! ሰው መጽሔቱን የሚገዛው ለእሷ ነው እኮ። ሰኞ ከምሳ በፊት ማተሚያ ቤት ይገባል። የተሳሳተ ነገር አለ? አሁኑኑ ላርመው።»

«አዎ» አልኩ። «የርግቧ ስም። ግላዲስ ነው።»

ፈሪ! ሰማንያ አንድ ዓመት ሙሉ ፈሪ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 13

ጆዲ ደወለች፣ የልጄ ልጅ። ብሪስቶል ነርስ ናት፤ እሑድ እሑድ አሥር ደቂቃ ታወራኛለች።

«አያቴ፣ ዛሬ ምን ሆነህ ነው ያልቀለድክብኝ? አሞሃል?»

ነገርኳት። ሁሉንም። ሰማችኝና፣ «ታዲያ ተናገራ» አለች። እንዲሁ ቀላል አድርጋ።

«ልጄ፣ አንቺ አይገባሽም። ክበብ ስገባ ‹ኑ ክሊፍ መጣ!› የሚሉት ለዚያች ቀልድ ነው። እሷን ከወሰድሽብኝ ማን ወንበር ይስብልኛል? ሰኞም ማክሰኞም ከዚህ ግድግዳ ጋር...»

«ሰውዬውስ? የእሱን ወንበር ማን ሳበለት?»

ዘጋሁባት ማለት እችል ነበር። አልዘጋሁም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14

ከቁርስ በፊት ለበርኒስ ደወልኩ። ቆሜ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም።

«እንጨቱ በእኔ እጅ ነበር። ሌን እውነቱን ነው። ዋሸሁ፣ ከዚያም አርባ ሰባት ዓመት ሳቅኩበት። ጻፊ።»

«ልክ... እንዳሉት?»

«ልክ እንዳልኩት። ‹በወቅቱ በነበረው ጫና› ምናምን ብለሽ እንዳታለሰልሺው። ከፎቶዬ ሥር አድርጊው።»

«እሺ» አለች። አልሳቀችም። ከዚያች ኬክ የተረፈውን በላሁ፤ ምንም አልጣመኝም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19

መጽሔቱ ወጣ። ሠራተኞች ክበብ ሄድኩ። ለምን? ቅዳሜ ስለሆነ።

ማንም «ክሊፍ መጣ» አላለም። የክበቡ ጓደኛዬ ዋልት ጋዜጣውን እያየ ቆየና፣ ቀና ሳይል፦ «ሌንን ለሠርጌ ስጠራው ‹በእኔ እጅ አልነበረም› ብዬ ጥሪው ላይ ጻፍኩበት። ለቀልድ። አልመጣም። አንተ እዚያው ነበርክ፣ ከጎኔ፣ እየሳቅክ።»

«ነበርኩ።»

«ቀልዱ የኔ መስሎኝ ነበር። ለካ የአንተ ውሸት ነው።»

ራሴ ቢራዬን ቀዳሁ፣ ብቻዬን ጠጣሁ። ስወድቅ እንኳ የሚስቅብኝ አጣሁ... የክበቡን ደረጃ ስወርድ ተደናቅፌ ልወድቅ ነበርና።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 25

መክፈቻው። አዳራሹ ሙሉ። ጓንቴን አጥልቄ ገባሁ። ጭብጨባው ቀዝቃዛ ነበር፣ ግን ነበር። የመክፈቻውን ጨዋታ ዳኘሁ። ከዚያ ሌን ከፊት ረድፍ ተነሣ። መጣ። እጁን ዘረጋልኝ። «አለፈ፣ ክሊፍ» አለኝ። ተጨባበጥን። ሰዉ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ።

ሁሉም በሰላም ተፈጸመ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 27

የዓርቡን አነበብኩት። ሦስት ጊዜ።

ለማን ነው የምዋሸው? ይህን ደብተር ከእኔ በቀር ማን ያነበዋል?

እንደዚህ ነበር። ሌን አርጅቷል። ከዘራ ይዟል። የፊት ረድፍ ላይ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ። እኔ ጨዋታውን ስዳኝ አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አላየኝም፤ መጽሔቱን ነበር የሚያነበው። ያችን ገጽ። አገጩ ደረቱ ላይ እስኪደርስ አጎንብሶ። ገጹን ግን አልገለጠም።

ሲያልቅ ወደ እሱ ሄድኩ። ጓንቴን አወለቅኩ። «ሌን» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም... ለእኔ፣ ለወሬኛው!

ቀና አለ። «ዶሪን ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

«በየገናው ካርድ ትልክልኝ ነበር» አለ። «አርባ ምናምን ካርድ። ምንም አትጽፍበትም፣ ስሟን ብቻ። ለምን እንደሆነ ገብቶኝ አያውቅም።»

እኔም አላውቅም ነበር። አንድም ቀን አልነገረችኝም። የት ተቀምጣ ትጽፍ እንደነበር እያሰብኩ ነው እስካሁን።

እጄን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። አየው። ከዘራውን ከቀኝ ወደ ግራ አላዛወረም። «አይ፣ ክሊፍ» አለኝ። በቁጣ አይደለም፤ ትርፍ ሻይ ሲቀርብለት እምቢ እንደሚል ሰው። ከዚያ አልፎኝ ወደ በሩ ሄደ። የቆመ ሰው አልነበረም፣ ያጨበጨበም የለም። አብዛኛው ሰው አላየንም እንኳ።

ጆዲ ዛሬ ስትደውል ይህንኑ ነገርኳት፣ አላሳመርኩም። ሃያ ደቂቃ መስመር ላይ ቆየች።

ስለዚህ ይታረም፦ መጨባበጡን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። «አለፈ፣ ክሊፍ» የሚለውንም። ይህኛው ግን እውነት ነው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ ሌን በሩ ላይ ቆሞ በርኒስን ሁለተኛ መጽሔት ጠየቃት። «አንድ ይዘዋል እኮ» አለችው።

«ይህኛው ለልጄ ነው» አላት።