ሲቀጥን ይጠነክራል ስለተባለው መድኃኒት፣ ለአሠልጣኙ

መቱ፣ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለክቡር ዶክተር ሰይፈ ሚካኤል፣
የ«ጤና ጠብታ» ሆሚዮፓቲ ማሠልጠኛ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ ምናልባት ጤናዎ ቢታወክም እርስዎ ራስዎ ካሠለጠኗቸው ሐኪሞች እጅ እንዳይጥልዎ አጥብቄ እለምናለሁ።

እኔ በጎሬና በመቱ መድኃኒት ቤቶች ቆሜ ሠላሳ አንድ ዓመት መድኃኒት ስመዝንና ሳድል የኖርሁ ጡረተኛ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት ከመቱ፣ ከጎሬና ከቡሬ ሐኪሞችን ሰብስበው የሆሚዮፓቲ መድኃኒት አዘገጃጀት ለአሥር ቀን እንዳስተማሩ ሰምቼ፣ የመማሪያ ጽሑፉንም ተውሼ ከዳር እስከ ዳር ስላነበብሁት፣ ያልገቡኝን ነገሮች በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ጽሑፉ አንዱን ጠብታ መድኃኒት በዘጠና ዘጠኝ ጠብታ ውሃ በጥብጡ፣ ከዚያም አንድ ጠብታ ወስዳችሁ እንደገና በዘጠና ዘጠኝ፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ ሠላሳ ጊዜ ቀጥሉ ይላል፤ መድኃኒቱም በቀጠነ ቁጥር ይጠነክራል ይላል። እኛን ያስተማሩን ሲስተር አንዲት ዜሮ ስንስት ፀሐይ ላይ ያቆሙን ስለነበር ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከአንድ ቀጥሎ ስልሳ ዜሮ ጻፍሁ፤ መድኃኒቱ የቱ ዜሮ ላይ እንደቀረ ግን ላገኘው አልቻልሁም። ደርበው የሚባል የሥራ ባልደረባዬ የሳል ሽሮፕ ላይ ውሃ ሲጨምር ተገኝቶ ከሥራ ተባሮ ነበር። ምስኪን፣ ዘመኑ አልደረሰለትም እንጂ ዛሬ ቢሆን ከእርስዎ እጅ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ ፎቶ ይነሣ ነበር።

2. ጸሐፊዎ ወይዘሪት ሳያት ቤቴ መጥታ «እትዬ፣ ዶክተሩ ዳዊትዎን ያውሱን ብለዋል» ስትለኝ፣ ሥልጠናው በጸሎት ሊከፈት ነው ብዬ የእናቴን የብራና ዳዊት ደስ እያለኝ ሰጠኋት። ለካስ ጽሑፉ ጠርሙሱ በበጠበጣችሁት ቁጥር ቆዳ በለበሰ መጽሐፍ ላይ አሥር ጊዜ ይመታ ስለሚል፣ በከተማው ሌላ ቆዳ የለበሰ መጽሐፍ ጠፍቶ ኖሯል። ሃያ ሦስት ሐኪሞች፣ ሠላሳ ሠላሳ ጊዜ፣ አሥር አሥር ምት፤ ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ይመጣል። ዳዊቱ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ተመልሶልኛል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበረው ሁሉ ለሰው መጽናኛ የሚሆነው እርሱ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ አንድም ሰው ሳይገልጠው ስለመለሳችሁልኝ አመሰግናለሁ።

3. ይህኛው ቀልድ የለውም። የጎረቤቴ የወይዘሮ ኡርጌ ልጅ ጊፍቲ ልብስ ሰፊ ናት። የሚጥል በሽታ አለባት፤ ክኒኗን በየማታው እየዋጠች አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳይጥላት ኖራለች። ከሥልጠናዎ የወጣ አንድ ወጣት ሐኪም ክኒኑን ተይና በቀን ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ጠብታ ውሰጂ አላት። ሐኪም ነውና አመነችው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እየሰፋች ሳለ ጣላት፤ የስፌት መኪናው መርፌ ጠቋሚ ጣቷን በስቶ ወጣ። እናቷ እያለቀሱ ቢሄዱበት «አዴ ኡርጌ፣ ሕመሙ መጀመሪያ ይብሳል፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው» ብሎ ከፊተኛው የቀጠነ ጠርሙስ ጨመረላቸው። ብትድን መድኃኒቱ ሠራ፣ ብትወድቅም መድኃኒቱ ሠራ ከተባለ፣ ምን ሲሆን ነው አልሠራም የሚባለው?

በማግስቱ ጎሬ ይዣት ሄጄ፣ ያን ሰሞን ተረኛ ስለነበረ ሥልጠናው ባመለጠው ሐኪም ዘንድ ክኒኗን አስጀመርኋት። ከዚያ ወዲህ አልጣላትም፤ ጣቷ ግን እስካሁን አይታጠፍም። ኖፓና ቡሬ ውስጥም እንደ እርሷ ክኒናቸውን የተዉ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፦ እነዚያን ሐኪሞች ዛሬውኑ ጠርተው፣ ክኒን ያስጣሉትን ሰው ሁሉ በየስሙ ፈልገው ወደ ክኒኑ እንዲመልሱት ይዘዙ። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ አንዱ ምድጃ ላይ ቢወድቅ፣ አላወቅሁም ማለት እንዳይችሉ ደብዳቤውን በአደባባይ ጽፌዋለሁ።

ለዕውቀትዎ ያለኝን አክብሮት ሠላሳ ጊዜ አቅጥኜ፣ ማለትም በእርስዎ ሥርዓት እጅግ አጠንክሬ፣ ከታላቅ ሰላምታ ጋር አቀርባለሁ።

ወለተ ማርያም

ማስታወሻ፦ ለጊፍቲ ማጽናኛ ብለው የላኩላት ሁለት ጠርሙስ ጠብታ ደርሷታል። ትናንት ሱሪ ከመተኮሷ በፊት ረጨችበት፤ ጨርቁም በሚገባ ረጥቧል። ጠብታዎ ሲሠራ በዓይኔ ያየሁት ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ለሚቀጥሉት ሠልጣኞች እንዲያስተምሩበት በአክብሮት አሳስባለሁ።