ዊንዲጎ ቀንድ የለውም

ኦገስት 6

ቆዳ ስፍቅ ዋልኩ። ትከሻዬ አለቀ። ትንኙ ዘንድሮ ጉድ ነው... ጭስም አይፈራ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት በጀልባ መጣች። ማኖን ትባላለች። ከሐይቁ ማዶ ለሚቀረጸው ተከታታይ ፊልም የአልባሳት ኃላፊ ናት። አስፈሪ ፊልም ነው አሉ። ለክፉው ገጸ ባሕሪ የአጋዘን ቆዳ ካፖርት የሚሰፋ ሰው ስታፈላልግ፣ የጠየቀችው ሰው ሁሉ አንድ ስም ብቻ ነገራት፦ ሶላንዥ። ታዲያ የማንን ስም ሊነግሯት ኖሯል? ከዚህ እስከ ከተማው እንደኔ የሚሰፋ ካለ አምጥተው ያሳዩኝ።

ሥዕሉን ዘረጋችልኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቱ የራስ ቅል፣ አናቱ ላይ የአጋዘን ቀንድ። የዚያን ሰው በላ ጭራቅ ስም ልትጠራ ስትል እጇን ያዝኩ። በኛ በሐይቁ ሰዎች ዘንድ በረዶ ሳይጥል እሱ አይጠራም፣ ታሪኩም አይወራም። ከሰማ ይመጣል። ሳቀች። እኔ አለመሳቄን ስታይ ተወችው። እኔም እዚህ አልጽፈውም።

እሺ አልኳት። አማቴን ሳላማክር...

ኦገስት 7

ነገርኳቸው። እማማ ፊሎሜን ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም፤ ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ልጃቸው፣ ማለትም ባሌ፣ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። እኔና እሳቸው ብቻ ቀረን። አንድ ማዕድ ነው የምንቀርበው።

ስለ ካፖርቱ ሳወራ እየበሉ ሰሙ። ቀንዱ ላይ ስደርስ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ቀንድ ያለውማ የሚያበላን አጋዘን ነው። ያ ደግሞ ብቻውን የበላው። ምን አገናኛቸው?"

ሥራ ነው እኮ እማማ፣ አልኩ።

"ስፊ ታዲያ። እሱን የሚያለብስ እጅ የቀቀለውን ግን እኔ አልበላም።"

ተነስተው ገቡ። ሾርባው ቀዘቀዘ። ነገ ይረሱታል።

ኦገስት 10

አልረሱትም። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ በትራቸውን ይዘው ሮዛሊ ቤት ይሄዳሉ። የእህታቸው ልጅ ናት፣ ከኛ ሦስት ቤት አልፋ። ሮዛሊ ቂጣ በማሳረር የዓመታት ልምድ አላት። የሷን እርር ያለ ቂጣ ይበላሉ፣ የኔን አይነኩም። መንደሩ ሁሉ ያያል። ሱቅ ስገባ ወሬ ይቋረጣል።

እኛ ዘንድ የቀረበን ምግብ መግፋት... ምን ብዬ ልጻፈው? ሰውየውን የለህም ማለት ነው። ምነው በሰደቡኝ ኖሮ።

ልተወው እንዴ? ቃሌን ሰጥቻለሁ። ደግሞ እልኸኛ ነኝ። እልህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ይቻሉት።

ኦገስት 19

ቆዳውን በበሰበሰ ጥድ አጨስኩት። ቀለሙ ማር መሰለ። የሚያይልኝ ሰው የለም።

ሴፕቴምበር 2

ችግር ገጠመኝ። ማኖን የፈለገችው ቡትቶ ነው። የተቀዳደደ፣ ስፌቱ የተንሻፈፈ። ሞከርኩ፣ እውነቴን ነው። አንዱን እጅጌ አንሻፍፌ ሰፋሁት። ዞር ብዬ ስመለስ ማየት አቃተኝ፤ ፈታሁት።

አጋዘን ቆዳውን የሚሰጠን አሳምረን እንድንሰፋው ነው። ቆዳው ላይ የቀለደ ሰው ዘንድ ሁለተኛ አይመጣም። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ያኔም በተንሻፈፈ ስፌት ምክንያት ነው የነገረችኝ።

እናም በደንቡ ሰፋሁት። በጅማት፣ ጥቅጥቅ አድርጌ። ለባሌ እሰፋ እንደነበረው። አንገትጌው ዙሪያ ቀይ ክር ሳይቀር... ለዚያ ለማይጠግበው። ምን ነካኝ?

ሴፕቴምበር 9

ወሰድኩላቸው።

ማኖን አየችው፣ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። ይሄ እኮ የሠርግ ልብስ ነው፣ አለች። መቀሷን አነሳች። ታችኛውን ጫፍ ልትቦጫጭቀው ነው። ካፖርቱን ነጥቄ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። መጀመሪያ እኔን ቅደጂ አልኳት። ሰው ሁሉ ሥራ አቁሞ አየን።

እሱን የሚጫወተው ኤልዜር የኛው ሰው ነው፣ ከላይኛው ሐይቅ መንደር። እስቲ ልልበሰው፣ አለ በቀስታ። ለበሰ። ልክክ አለበት። በላዩ ያንን ቀንድ ጫኑበት። ዳይሬክተሩ ቲሪ ሁለት ጊዜ ዞረውና ራሱን ነቀነቀ። የሆነ ነገር አልገጠመም፣ አለ።

አይገጥምማ። አፌን ከፈትኩ፣ መዝጋት አቃተኝ።

"ቀንዱ የሱ አይደለም። አጋዘን መጋቢያችን ነው። እሱ ሰው ነበር። በረሃብ ጊዜ ሥጋ ከልጆች ደብቆ ብቻውን የበላ ሰው። በላ፣ በላ፣ መጥገብ አቃተው። በመጨረሻ የራሱን ከንፈር በላ። ጭራቅ ሆኖ አልተወለደም። ካፖርት የሰፋችለት ሴት ነበረችው።"

ይህን ያህል ማውራት አልነበረብኝም፤ ገና በረዶ የለም። ስሙን ግን አልጠራሁም።

ቲሪ ቀንዱን በገዛ እጁ አወረደው። ኤልዜር በባዶ ራሱ፣ በዚያ ባማረ ካፖርት፣ ቀና ብሎ አየን። ጎረቤት ይመስላል። በር አንኳኩቶ የሚገባ ጎረቤት። ማኖን ሳታስበው ወደ ኋላ ሸሸች። በቀንዱ ጊዜ ማንም አልፈራውም ነበር።

"ካፖርቱን ማንም እንዳይነካው፣" አለ ቲሪ።

ጀልባዬን ስቀዝፍ ብቻዬን ሳቅሁ። ኮርቻለሁ፣ ምን ይደበቃል? ፊልማቸውን በወስፌ አቀናሁላቸው።

ሴፕቴምበር 10

እማማ ከሮዛሊ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠበቅኋቸው። ቀንዱን አወረዱት፣ አልኳቸው። ቆሙ። የሆነ ነገር ሊሉ መሰለኝ... አለፉኝ።

ኩራቴ ምን ያደርግልኛል? ማሰሮው ሙሉ ነው፤ የምበላው እኔ ብቻ።

ኦክቶበር 14

በረዶ ጣለ። ዊንዲጎ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

እማማ ጠዋት ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ውሰጂኝ፣ አሉ። ልብሱ ጋ። ደግፌ ጀልባ ውስጥ አስገባኋቸው። ለምን እንደሆነ ፈርቼ አልጠየቅሁም።

ኤልዜር ለብሶ ለቀረጻ ተዘጋጅቷል። እማማ እጃቸውን ዘረጉ፣ እሱም ጎንበስ አለላቸው። ከትከሻው ጀመሩ። ስፌት በስፌት፣ በጣታቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ምራታቸው ስሆን ስለ ስፌቴ ክፉም ደግም ብለው አያውቁም። አንገትጌው ላይ ደርሰው ቆሙ።

"አጎቴ አሌክሲስ እንዲህ ያለ ነበረው፣" አሉ። "እናቱ የሰፋችለት። የደበቀው ሥጋ የተገኘበት ቀን እሱን ለብሶ ወደ ጫካው ሄደ። እኛ ሕፃናቱ በር ላይ ቆመን አየነው። ዊንዲጎ ሆኗል አሉ ትልልቆቹ። ተመለስ ብሎ የጠራው ሰው የለም። እኔም አልጠራሁትም።"

በቤተሰቡ እንዲህ ያለ አጎት እንደነበረ... ባሌ እንኳ ነግሮኝ አያውቅም። የሚያውቅም አይመስለኝም።

ከዚያ እጃቸው በካፖርቱ ውስጥ ወደ ጎኑ ገባ። ኤልዜር ለፊልሙ ሲል አሥር ሳምንት በቅጡ አልበላም። አጥንቱን አንድ በአንድ ዳሰሱት።

"ይሄን ልጅ ምግብ አትሰጡትም?"

ቲሪ ለሥራው ነው ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። አልሰሙትም።

"ስምህ ማነው?"

"ኤልዜር እባላለሁ፣ እማማ።"

"ኤልዜር፣ ምራቴ ቤት ምግብ አለ። ና።"

መጣ። ማኖን ካፖርቱን አውልቅ ብላ እስከ ጀልባው ተከተለችን። ብርድ ነው፣ ይልበሰው፣ አሉ እማማ። ቤት ገብተን ማሰሮዬን ራሳቸው ከፈቱ። በጭልፋ ለሱ አወጡለት። ከዚያ የራሳቸውን ሳህን ፈልገው አገኙና ወደኔ ገፉት።

ሞላሁላቸው። ከጠርዙ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ኦክቶበር 15

ዛሬ ሮዛሊ እኛ ዘንድ ምሳ በላች። እማማ ጠርተዋት ነው። "ካፖርቱን የሰፋችው ምራቴ መሆኗን ነግሬሻለሁ?" ይሏታል። ነግረዋታል፣ ሦስት ጊዜ። አራተኛውን ጀመሩላት፤ አንገትጌውን፣ ጅማቱን፣ እጅጌውን እየዘረዘሩ።

ምድጃው ጋ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆየሁ፣ ፊቴ እንዳይታይ። እማማ እንደሆነ አያዩም። ሮዛሊ ግን አየች፤ አይታም ቂጣዋን ጎረሰች።