ይስፋ ያልኩት ታንኳ

ኅዳር ፱ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.፣ ዓባይ ዳር

ታንኳ ጠራቢው ኢድሪስ ግንዱን ለዓሣ ማጥመጃ እንዲሆን አጥብቦ ነበር የጠረበልኝ። እኔ ግን ሚስቴ ትርንጎና ልጆቹም ይሻገሩበት ብዬ፣ ይስፋ አልኩት። ዛሬ ውሃ ሞልተን የጋለ ድንጋይ ከተትንበት። እንጨቱ ሲለሰልስ መወጠሪያ እንጨት በመዶሻ እያስገባን ጎኖቹን ከፈትናቸው።

"ይበቃል፣ ጌታዬ!" አለ ኢድሪስ።

አንድ ጊዜ በመዶሻው ደገምኩት። ጧ አለ! ወለሉ ተሰነጠቀ።

ኢድሪስ ስንጥቁን በሙጫ ደፈነውና "ለዓሣ ይሆናል። ልጅ ግን አይግባበት" አለኝ።

ቤት ገብቼ ለትርንጎ ነገርኳት።

"ልጆቹን የማይችል፣ አባታቸውን እንዴት ይችላል?" አለች።

ለነገ ላዘጋጅ ብዬ የታንኳውን መቅዘፊያ አነሳሁ። እህሉ አልቋል፤ ነገ ዓሣ ካላመጣሁ የምንበላው የለም። እሷም ታውቃለች። ያም ሆኖ መቅዘፊያውን ከእጄ ነጥቃ አልጋው ሥር ከተተችው።